የገዛ ፓስወርዴን መልሰው ጻፉልኝ

ደሜ እንደፈላ ነው የምጽፈው። «የቤትዎን ኢሜይልና ፋይል ከየትም ሆነው በአስተማማኝ ሁኔታ ይክፈቱ» እያሉ ለመንገደኛ የሚሸጡትን አፖች ታውቋቸዋላችሁ። የቁልፍ ሥዕል፣ «ወታደራዊ ደረጃ ያለው ምስጠራ»፣ የዓመት ክፍያ በቅድሚያ። ከዚያ ወዲያ ስልክ የሚያነሳ የለም። ስም አልጠራም፤ ነገ በሌላ ስም ይመጣሉ።

ሆቴል ገብቼ የቤቴን ኮምፒውተር በአፑ ልክፈት ብል እምቢ አለ። ኢሜይሉም እንደዚያው። በቻት ጻፍኩላቸው። ብዙ አስጠብቆኝ አንዱ ብቅ አለና፣ ሰላምታ እንኳ ሳያቀርብ፣ «ፓስወርድ ተሳስተው ነው» አለኝ። አልተሳሳትኩም አልኩት። ዝም። ሦስቱ ነጥቦች ብቅ ይላሉ፣ ይጠፋሉ፣ እንደገና ብቅ ይላሉ። ከዚያ ምን ቢልክልኝ ጥሩ ነው? የኢሜይሌን ፓስወርድ! ሙሉውን፣ መሐል ያለው ትልቅ ፊደል ትልቅ እንደሆነ፣ መጨረሻ ላይ ያለችው ቃለ አጋኖ ሳትቀር። «እኛ ጋ ያለው ይሄ ነው፣ እሱን ያስገቡ።»

አንተ እንዴት አየኸው? አልኩት። «ሁሉም ይታየናል፣ ምን ያስደነግጣል?» ብሎኝ እርፍ! ገንዘቤን መልሱልኝ ስል ደግሞ «ተጠቅመውበታል» አለና ቻቱን ዘጋው። ወዲያው «አገልግሎታችን እንዴት ነበር?» የሚል መልእክት ከነኮከቦቹ መጣልኝ። ድፍረታቸው!

ደህና አፕ ኢሜይላችሁን ሲያገናኝ ወደ ኢሜይል ድርጅቱ የራሱ ገጽ ይወስዳችኋል። ፓስወርዱን እዚያው ታስገባላችሁ፤ አፑ የሚደርሰው ፈቃድ ብቻ ነው፣ እሱንም በፈለጋችሁ ሰዓት ትሰርዙታላችሁ። እነዚህ ግን ፓስወርዱን ራሳቸው ተቀብለው፣ ማንም ሠራተኛ እንዲያነበው አድርገው አስቀምጠውታል። ለፋይሉማ ሲያስጀምሩኝ ራውተሬ ላይ ፖርት 3389ን ለመላው ኢንተርኔት አስከፍተውኛል። የዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕ፣ ማለትም ኮምፒውተርን ከሩቅ መቆጣጠሪያው፣ የሚገባበት በር እኮ ነው! ቦቶች (በራሳቸው የሚሠሩ ፕሮግራሞች) ቀን ከሌት እየዞሩ ፓስወርድ የሚሞክሩበት።

የገዛችሁ ካላችሁ ፓስወርዱን አሁኑኑ ቀይሩ፣ ከሁሉም መሣሪያ ውጡ፣ ፖርቱን ዝጉ። ኢሜይላችሁ ወደ ሌላ አድራሻ እንዲተላለፍ የተደረገ እንደሆነም እዩ፤ ፓስወርድ መቀየር ብቻውን ያንን አያጠፋውም። ለፋይል፣ ራውተራችሁ ዋየርጋርድ (ከውጭ ሆናችሁ ወደ ቤታችሁ ኔትወርክ በተመሰጠረ መስመር የሚያስገባ ቪፒኤን) ካለው እሱ ይበቃል። የማረጋገጫ ኮዱንም ከመሄዳችሁ በፊት ከኤስኤምኤስ ወደ ኦተንቲኬተር አፕ፣ ኮዱን እዚያው ስልካችሁ ላይ ወደሚያወጣው፣ አዙሩት፤ ሲም ብትቀይሩም፣ ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል።