ከውጭ የመጣ ስልክ አዳማ ላይ ኔትወርክ ይስባል? የዱባይ፣ የአሜሪካ፣ የቻይናና የኮሪያ ስልኮች ሲነጻጸሩ

አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ካሉት የሞባይል ሱቆች ወደ አንዱ ገብተው «ይሄ ስልክ ኔትወርክ ላይ እንዴት ነው?» ብለው ቢጠይቁ መልሱ የታወቀ ነው። «የአሜሪካ ነው እኮ ወንድሜ፣ ኦሪጅናል!» ይሆናል፣ ኦሪጅናል ነው። እዚህ በደንብ መስራቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። በኢትዮ ቴሌኮም ሲም እንደልብ ለመጠቀም ስልኩ ለ2ጂ 900 ሜጋኸርዝ፣ ለ3ጂ 2100፣ ለ4ጂ ደግሞ 1800 ሊኖረው ይገባል። በስልኮች መግለጫ ላይ እነዚህ ፍሪኩዌንሲዎች «ባንድ» ይባላሉ፤ 2100 «ባንድ 1»፣ 1800 «ባንድ 3» ተብለው ይጻፋሉ። 4ጂ ካለ 3ጂ ምን ያደርጋል የሚል አለ። ከውጭ የመጡ ብዙ ስልኮች እዚህ በ4ጂ ላይ ድምፅ አያስተላልፉም። ሲደወል ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ ይወርዳሉ። የሚወርዱበት ከሌለ ዳታ እየሰራ ስልኩ አይደውልም። ከወንጂ ወይም ከሶደሬ አልፈው ገጠር ለሚመላለሱ ደግሞ 900ውን ልብ ይሏል፤ ዝቅ ያለ ፍሪኩዌንሲ ርቆ ይሄዳል።

ዱባይ ወይስ አሜሪካ?

የዓለም ቴሌኮም ኅብረት ለፍሪኩዌንሲ ድልድል ምድርን በሶስት ቀጠና ከፍሏታል። አፍሪካ፣ አውሮፓና የአረብ አገራት አንድ ቀጠና ናቸው። ሁለቱ አሜሪካዎች ለብቻቸው ናቸው። ለዱባይ ገበያ የተሰራ ስልክ እዚህ ብዙም የማያስቸግረው ለዚህ ነው። ርካሽም ይሁን ውድ ባንድ 1 እና 3 አያጣም።

የአሜሪካው ላይ ዋጋው ይወስናል። እዚያ በየሱፐርማርኬቱ በቅድመ ክፍያ ካርድ የሚሸጡ ርካሽ ስልኮች አሉ። አምራቹ ወጪ ለመቀነስ የአሜሪካን ባንዶች ብቻ ይጭንባቸዋል፤ 2፣ 4፣ 5፣ 12፣ 13፣ 66፣ 71። ባንድ 3 ብዙ ጊዜ የለበትም። እንዲህ ዓይነቱ ስልክ ስክሪኑ ቢያምር፣ ባትሪው ቢበረክት እዚህ 4ጂ አይስብም። በእኔ ግምት ዘመድ ከላከው በደስታ ይቀበሉት፣ ለቤት ዋይፋይ ይሆናል። ገንዘብ አውጥቶ መግዛት ግን አያዋጣም።

የቅርብ ዓመታት አይፎን ወይም ጋላክሲ ኤስ ከሆነ ታሪኩ ይገለበጣል። እነዚህ ሰው ይዟቸው አገር ላገር እንዲዞር የተሰሩ ስለሆኑ የአሜሪካውም ባንድ 1 እና 3 አለው። እዚህ ላይ የሚያስፈራው ሎክ ነው። የአሜሪካ ቴሌኮሞቹ ኤቲኤንድቲ፣ ቲ-ሞባይልና ቬራይዘን ስልኩን በዱቤ ሲሸጡ ለራሳቸው ሲም ይቆልፉታል። ያልተከፈተ ስልክ ባንዱ ሁሉ ተሟልቶለት የእኛን ሲም አይቀበልም።

አይፎን ላይ ይህን ማየት ቀላል ነው። ሴቲንግስ፣ ጄኔራል፣ አባውት ገብተው «ካሪየር ሎክ» የሚለውን መስመር ይፈልጉ። ፊት ለፊቱ «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ካለ ክፍት ነው። የሲም ማስገቢያውንም ያውጡና ይዩት። ከሲሙ ጋር የተለጠፈች ቀጭን ቺፕ ካለች ስልኩ አልተከፈተም፣ ተሸውዷል። አንድ ቀን ሶፍትዌር ሲያዘምኑ ኔትወርኩ ድራሹ ይጠፋል።

እዚያው ገጽ ላይ «ሞዴል ነምበር» የሚለው አለ። መጨረሻው ላይ ከ«/ኤ» በፊት ያሉት ፊደላት ኤልኤል ከሆኑ ለአሜሪካ፣ ኤኢ ለኤምሬትስ፣ ሲኤች ለቻይና የተሰራ ነው። የመጀመሪያ ፊደሉ ኤፍ ከሆነ ታድሶ የተሸጠ ነው፤ ሻጩ «ፓክድ» (ካርቶኑ ያልተከፈተ አዲስ) ቢልዎትም። ቁጥሩን አንዴ ሲነኩት በ«ኤ» የሚጀምር ሌላ ቁጥር ይመጣል። ባንዶቹን ኢንተርኔት ላይ የሚፈልጉት በዚያ ነው።

የሲም ቦታው

ከአይፎን 14 ጀምሮ ያለው ልዩነት ከባንዱ በላይ ያሳስባል። የአሜሪካው 14 የሲም ቀዳዳ የለውም፤ ኢሲም (ካርድ የሌለው፣ ስልኩ ውስጥ የተሰራ ሲም) ብቻ ነው። የዱባዩ እስከ አይፎን 16 ድረስ አንድ ሲም ከኢሲም ጋር ይይዛል፤ አይፎን 17 ግን የዱባዩም ኢሲም ብቻ ነው። የቻይናው ሁለት ሲም ይገባበታል። በ09 እየደወለ በ07 ዳታ ለሚጠቀም ሰው የቻይናው ምቹ ነው። የአሜሪካውም ሁለት ኢሲም ያሰራል፣ ግን ባትሪ ሲያልቅ ሲም ነቅሎ ጓደኛው ስልክ ላይ መክተት የለመደ ሰው ይናደዳል። እኔ የዱባዩን እመርጣለሁ።

ቻይናና ኮሪያ

ለቻይና ገበያ የተሰሩ ሬድሚና መሰሎቻቸው ባንድ 1፣ 3 እና 8 (900ው) ስላላቸው ኔትወርክ ላይ አያሳፍሩም። ጣጣቸው ሶፍትዌሩ ነው፤ ፕሌይ ስቶር የለም። ሻጩ «ግሎባል አድርጌዋለሁ» ካለዎት ፍላሽ ተደርጓል፣ ሶፍትዌሩ ተቀይሯል ማለት ነው። ፍላሽ ቋንቋ ይቀይራል፣ ፕሌይ ስቶር ያመጣል፣ ሃርድዌሩ ላይ የሌለ ባንድ ግን አያመጣም።

ሰው የማያተኩርበት የኮሪያ ጋላክሲ ነው። ባንድ 3 ኮሪያ ውስጥም ዋና የ4ጂ ባንድ ስለሆነ እዚህ በደንብ ይስባል። ኤስ21ን ብንወስድ ጂ991ቢ ዓለም አቀፉ፣ ጂ991ኤን የኮሪያው፣ ጂ991ዩ የአሜሪካው ነው። የኮሪያው አንድ ሲም ብቻ ነው የሚወስደው። ካሜራውም ሲያነሳ ቀጭ ይላል፣ ድምፁን ማጥፋት ያስቸግራል። ሰርግ ላይ ምንም አይደል፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን ሰው ዞሮ ያያል።

ሱቁ ውስጥ

ከመክፈልዎ በፊት የራስዎን ሲም ያስገቡ፤ የሻጩን አይደለም። ሁለት መስመር ካለዎት ሁለቱንም ይሞክሩ። ዋይፋዩን አጥፍተው ዳታ ይክፈቱ፣ 4ጂ የሚለው ይምጣ። ከዚያ ወደ ሌላ ስልክ ደውለው ምልክቱን ይመልከቱ። ወደ 3ጂ ወርዶ ከተነጋገሩ ደህና ነው። ጥሪው ከተቋረጠ ወይም ሲግናሉ ከጠፋ ስልኩን ይመልሱ። *#06# ሲደውሉ የሚመጣው ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት።

ስልኩን ከውጭ የሚያስመጡ ከሆነ ዘመድዎ ሳይገዛ የሞዴል ቁጥሩን በቴሌግራም ፎቶ አንስቶ ይላክልዎ። «ሳምሰንግ ነው፣ ጥቁር ነው» ማለቱ አይበቃም።