በደሴ አንድ የመገጣጠሚያ ክሊኒክ፦ ለእናቴ የዳሌ ሕመም ያገኘነው አገልግሎት

በደሴ ከተማ መሐል የአጥንትና የመገጣጠሚያ ሕመምን ብቻ ለይቶ በሚያክም አንድ የግል ክሊኒክ እናቴን አሳክሜአታለሁ፤ አሁንም ክትትሏን እዚያው ቀጥላለች። ሕመሙ የጀመራት ብሽሽቷ ላይ ነበር፤ ከዚያም በጭኗ ፊት ለፊት ወርዶ አልፎ አልፎ ጉልበቷ ላይ ይሰማት ጀመር። እንደ ደሴ ባለ ደጋ ከተማ ወገብም ታመመ ጉልበት «ብርድ ነው» ማለት የተለመደ በመሆኑ፣ ቤተሰቡም ጎረቤቱም በዚሁ ተስማምቶ ብዙ ጊዜ አሳለፍን። በመጨረሻ የሄድንበት ሌላ የጤና ተቋም ደግሞ ጉልበቷን ብቻ ራጅ አንስቶ «ምንም የለም» በማለት ማስታገሻ ሰጥቶ ሸኘን።

በዚህ ክሊኒክ ያስደነቀኝ የመጀመሪያው ነገር ሐኪሙ ራጅ ከማዘዙ በፊት በእጁ መመርመሩ ነው። እናቴን በጀርባዋ አስተኝቶ ዳሌዋንና ጉልበቷን ካጠፈ በኋላ ጭኗን ቀስ አድርጎ ወደ ውስጥ አዞረው። ግራው ያለ ችግር ዞረ፤ ቀኙ ግን ገና ጥቂት እንደሄደ ቆመ፣ እሷም ብሽሽቷን ያዘች። የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም ጉልበት ላይ ሊሰማ እንደሚችል፣ ወደ ውስጥ የመዞር አቅም ማነስም ከመጀመሪያዎቹ ምልክቶች አንዱ መሆኑን በዚያው አስረዳን። ጠዋት ስትነሳ መገጣጠሚያው ምን ያህል ጊዜ እንደሚተሳሰርባትም ጠየቀ፤ በዚህ ሕመም መተሳሰሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ደቂቃ እንደማይበልጥ፣ ሩማቶይድ በሚባለው የቁርጥማት ዓይነት ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ሊቆይ እንደሚችል ነገረን። ከዚያ በኋላ የተነሳው የዳሌ ራጅ የመገጣጠሚያው ክፍተት በጥቂቱ መጥበቡን አሳየ፤ ስሙም ኦስቲዮአርትራይተስ፣ ገና በጅማሬው ላይ ያለ ተባለ።

ለዚህ ክሊኒክ ልጽፍ የተነሣሁት በዋናነት ከዚህ በኋላ ስለሰጠን ማብራሪያ ነው። እናቴ አጥንቷ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ተፋቅቶ ያለቀ መስሏት ነበርና «እንግዲህ ከመቀመጥ በቀር ምን እሆናለሁ» አለች። ሐኪሙ ወረቀት አውጥቶ የዳሌን ጉልላትና ማቀፊያውን ሣለ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ቅርጭጭት፣ ማለትም የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ አካል፣ የደም ሥርም ሆነ የስሜት ነርቭ እንደሌለው፣ በዙሪያው ያለው ሲኖቪየም የተባለው ስስ ሽፋን ግን ሁለቱም እንዳሉት አመለከተ። በዚህ ሽፋን ውስጥ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ይኖራሉ፤ ከእነሱም በብዛት የሚገኙት ማክሮፌጅ የሚባሉት ሲሆኑ፣ ቲ ሴሎችና ማስት ሴሎችም አሉ። በጤናማ መገጣጠሚያ ማክሮፌጆች ፍርስራሽ እያነሱ ያጸዳሉ። ቅርጭጭቱ መላላጥ ሲጀምር ግን ስብርባሪው ይቀሰቅሳቸዋል፤ ተጨማሪ ሕዋሳትም ከደም ወደ ሽፋኑ ይገባሉ፤ እነዚህም ኢንተርሊውኪን 1ን እና ቲኤንኤፍን የመሳሰሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖች ይለቃሉ። መልእክቱ የደረሳቸው የቅርጭጭቱ ሕዋሳት ራሳቸው ቅርጭጭቱን የሚያፈርሱ ኢንዛይሞች ማምረት ይጀምራሉ፣ ከሚፈርሰውም የሚወጣው ስብርባሪ ሽፋኑን መልሶ ያበግነዋል፣ ማለትም እንዲቆጣና እንዲያብጥ ያደርገዋል። ስለዚህ ብግነቱ ከመጀመሪያው አንሥቶ የበሽታው አካል ነው፤ ራጁ ላይ ብዙ ለውጥ ሳይታይ ሰው ክፉኛ የሚታመምበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው፣ ራጅ አጥንትን እንጂ ሽፋኑን አያሳይምና።

ሐኪሙ የእውቀቱን ወሰንም አልሸሸገም። የዳሌ መገጣጠሚያ በጥልቅ ሥጋ የተሸፈነ ስለሆነ፣ ከታማሚ የሚገኘው የሽፋኑ ናሙና አብዛኛውን ጊዜ መገጣጠሚያው በሚቀየርበት ቀዶ ሕክምና፣ ማለትም በሽታው ከገፋ በኋላ የሚወሰድ ነው፤ በዚህ የተነሣ የጅማሬው ወቅት ከጉልበት ይልቅ በዳሌ ላይ በጥቂቱ ነው የተጠናው። እኔ እነዚህን ሕዋሳት የሚያረጋጋ መድኃኒት ካለ ብዬ ጠየቅሁ። ለሩማቶይድ የሚሰጡት ፀረ ቲኤንኤፍ መድኃኒቶች በእጅ ኦስቲዮአርትራይተስ ላይ ተሞክረው የተጠበቀውን ያህል አለመርዳታቸውን፣ እስከ አሁንም የበሽታውን ጉዞ እንደሚያቆም ተረጋግጦ የተፈቀደ መድኃኒት አለመኖሩን በግልጽ ነገረኝ። መርፌ ሊወጋና ገንዘብ ሊቀበል የሚችል ሰው እንዲህ በሐቅ ሲናገር መስማት እምነቴን ይበልጥ አጠነከረው። ዲክሎፌናክ የተባለውን ማስታገሻ በተመለከተም እናቴ የደም ግፊት ያለባት በመሆኑ፣ ከፋርማሲ በራሷ እየገዛች እንዳትወስድ፣ ጨጓራንና ኩላሊትንም እንደሚጎዳ አጥብቆ አስጠነቀቃት።

ዋናው ሕክምና የተሰጠው በፊዚዮቴራፒ ክፍሉ ነው። ባለሙያዋ እንቅስቃሴ ከማዘዟ በፊት እናቴ ቤት ውስጥ እንዴት እንደምትውል ጠየቀች፦ ቡና ስታፈላ የምትቀመጥበት በርጩማ ምን ያህል ዝቅተኛ ነው፣ ሶላት ስትሰግድ የትኛው አቀማመጥ ያማታል፣ መጸዳጃ ቤቱስ ቁጢጥ የሚያስብል ነው ወይ። ከዚያም ዝቅተኛ በርጩማ አምጥታ አስቀመጠቻትና ስትነሳ ከጎን ተመለከተች፤ እናቴ ሳይታወቃት ክብደቷን ሁሉ በግራ እግሯ ላይ ትጥል ነበር። በርጩማው ከፍ እንዲል፣ ሕመሙ ሲበረታም ወንበር ላይ ሆና እንድትሰግድ መከረቻት። ምርኩዙን ከታመመው ዳሌ በተቃራኒ፣ በግራ እጇ እንድትይዝ አሳየቻት፤ እኛ ሁላችን በቀኝ አስይዘናት ነበር። እናቴ የጎን ጡንቻዋን በሚያጠነክረው እንቅስቃሴ ላይ ፈርታ ስታቆም፣ «አብሽሩ እማዬ፣ ትንሽ ቢያምዎት ተጎዳ ማለት አይደለም፤ እስከ ነገ ጠዋት ከቆየ ግን እንቀንሰዋለን» አለቻት። ይህን መለኪያ እናቴ እስከ ዛሬ ትጠቀምበታለች። ሕመሙ ጨርሶ አልተዋትም፤ ሆኖም ገበያ ደርሳ ትመለሳለች፣ ሌሊትም ትተኛለች።

ጉድለቶቹም ሊነገሩ ይገባል። ክሊኒኩ ፎቅ ላይ ነው፣ አሳንሰርም የለውም፤ ዳሌውን ለታመመ ሰው ደረጃው ከምርመራው በላይ ይከብዳል፤ ቢያንስ የምርመራ ክፍሉ ወደ ምድር ቤት ቢወርድ መልካም ነበር። የእንቅስቃሴ መመሪያው ወረቀት በእንግሊዝኛ የተጻፈ በመሆኑ ባለሙያዋ በእጇ በአማርኛ ለመጻፍ ተገድዳለች፤ ማንበብ ለማይችሉ እናቶች ደግሞ ትልልቅ ሥዕል ያስፈልጋል። ክፍያው ከመንግሥት ሆስፒታል ይወደዳል፤ ተራውም ረጅም ነው።

ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ ወይም ከዚያ ርቆ ለሚመጣ ሰው የምመክረው፣ የቆየ ራጅ ካለው ይዞ፣ የሚወስዳቸውንም መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው አምጥቶ በጠዋት እንዲደርስ ነው። የዳሌው ሕመም ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብ ወይም ከክብደት መቀነስ ጋር የመጣበት ሰው ግን የመገጣጠሚያ ኢንፌክሽን ወይም የአጥንት ቲቢ ሊሆን ስለሚችል፣ እዚህ ተራ ሳይጠብቅ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሂድ።