ደርነስ ወይስ ስካሪስታ? ሁለት የባህር ዳር ጎልፍ ሜዳዎች

ሁለቱም ስኮትላንድ ውስጥ፣ አትላንቲክ ዳር ናቸው። ሁለቱም ያላቸው 9 ቀዳዳ ብቻ ነው፤ የተለመደው ሜዳ 18 አለው።

ደርነስ በዋናው ምድር ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ላይ ነው፤ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። በመኪና ይደረሳል፣ መንገዱ ግን ጠባብ ነው። ዘጠኙን ሁለት ጊዜ፣ በተለያየ መነሻ ትጫወታላችሁ። የመጨረሻው ቀዳዳ ልብ ያንጠለጥላል። ከፊታችሁ ገደል አለ፣ ከስር ማዕበል ይንጫጫል፣ ኳሷ ባህሩን ተሻግራ ማረፍ አለባት። ነፋሱ ከተነሳ አጭሯ ምት እንኳ ታስጨንቃለች።

ስካሪስታ ሃሪስ ደሴት ላይ ነው፤ ከስካይ ደሴት በጀልባ ይሻገራሉ። ሜዳው ነጭ አሸዋ ዳር የተዘረጋ ሣር ነው። እኔን የሚማርከኝ ክፍያው ነው፦ ገንዘባችሁን የእምነት ሣጥን ውስጥ ትከታላችሁ፣ ማንም አይቆጣጠራችሁም። እውቁ የጎልፍ ተጫዋች ኒክ ፋልዶ የከፈላትን 5 ፓውንድ አባላቱ አላጠፏትም። እንደ ዋንጫ አስቀምጠው ይወዳደሩባታል። እንዴት ደስ ይላል!

ጊዜ ካጠራችሁ ደርነስ ይሻላል። እኔ ብመርጥ ግን ስካሪስታን ነው። የደሴቲቱ ሰው ሰንበትን አጥብቆ ያከብራልና ጉዟችሁን እሁድ ላይ አታድርጉት።