ሌቭል መሥራት ለሚወድ ሰው፦ ሴሌስት፣ ጂኦሜትሪ ዳሽ ወይስ ቪቪቪቪቪቪ?

ጌም ገዝቶ መጨረስ እና ጌም ገዝቶ በውስጡ የራስን ሌቭል፣ ማለትም አንድ የጨዋታ ምዕራፍ፣ መሥራት ለየቅል ናቸው። ለመጫወት ብቻ ከሆነ የወደዳችሁትን ግዙ፤ ምክር አያስፈልጋችሁም። ይህን የምጽፈው የሠራውን ዝላይ ሌላ ሰው ሲሞክረው፣ ሲወድቅ፣ ደግሞ ተነሥቶ ሲሞክረው ማየት ለሚናፍቅ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት መሥሪያውን፣ መሥሪያው የሚከፈትበትን ዕቃ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሥራውን የሚቀበሉትን ሰዎች ነው።

ልቤ ያለው ሴሌስት ላይ ነው፤ ከእሱ ልጀምር። ጌሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 ነው። ማዲ ቶርሰን እና ኖኤል ቤሪ ከጥቂት ባልደረቦቻቸው ጋር ሠሩት። ማድሊን የምትባል ወጣት ተራራ ትወጣለች፤ ትዘላለች፣ ግድግዳ ትይዛለች፣ አየር ላይ ሳለች አንድ ጊዜ ወደፈለገችው አቅጣጫ ትወረወራለች። መሬት ስትነካ ያ አቅሟ ይመለስላታል። ሁሉም ነገር የተገነባው በእነዚህ ጥቂት እንቅስቃሴዎች ነው።

የምትገዙት ጌም ግን ሌቭል መሥሪያ የለውም። መሥሪያዎቹን የሠሩት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው። ኤቨረስት ሞዶችን፣ ማለትም ተጫዋቾች የሠሯቸውን ተጨማሪዎች፣ ወደ ጌሙ ያስገባል፤ ኦሊምፐስ ኤቨረስትን ይጭንላችኋል፤ ሎን ደግሞ ካርታ፣ ማለትም ሌቭላችሁን፣ የምትስሉበት ነው። ሦስቱም በነፃ የሚገኙ ናቸው። ስማቸው ሲደረደር ያስፈራል እንጂ ሥራው ከባድ አይደለም፤ ኦሊምፐስን ከፍቶ የጌሙን ቦታ ማሳየት ነው፣ የቀረውን እሱ ይጨርሰዋል።

ለጀማሪ ትልቁ ስጦታ የሴሌስት ጠባብነት ነው። ስክሪኑ በመሠረቱ 320 በ180 ፒክስል ነው፤ አንዱ ጡብ ደግሞ 8 ፒክስል። ስለዚህ አንድ ስክሪን የሚያህል ክፍል በወርዱ 40 ጡብ፣ በቁመቱ ከ22 ጥቂት ያለፈ ነው። ይህን በአንድ ምሽት ሞልታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። አንድ ክፍል፣ አንድ ሐሳብ፤ ካልጣመ አጥፍታችሁ እንደገና።

ሌላም የምወድለት ነገር አለ። ሠሪዎቹ የማድሊንን እንቅስቃሴ የሚመራውን ኮድ ማንም እንዲያነበው አውጥተውታል። እዚያ ውስጥ ለምሳሌ፣ ማድሊን ከጠርዝ ከወጣች በኋላም ለ0.1 ሰከንድ ያህል መዝለል እንደሚፈቀድላት ይታያል። ተጫዋቹ በሰዓቱ የዘለለ ይመስለዋል፤ ጌሙ ግን ትንሽ አዝኖለት ነው። ሌቭል የሚሠራ ሰው ይህን ሲያውቅ ገደሉን ምን ያህል ማስፋት እንዳለበት ይገባዋል። ስለ ጌም አሠራር ብዙ ያስተማረኝ ይህች 0.1 ሰከንድ ናት።

ማኅበረሰቡስ? በ2020 የጸደይ ስብስብ፣ በ2023 ደግሞ ስትሮበሪ ጃም የተባሉ ሁለት ታላላቅ የጋራ ሥራዎች ወጥተዋል። ስትሮበሪ ጃም ብቻውን ከ100 በላይ ካርታዎች አሉት፤ ከጀማሪ እስከ ታላቅ ሊቅ በአምስት ደረጃ ተከፍለዋል። ክፍያ የለውም። ጌሙን የገዛ ሰው ከዋናው ታሪክ የሚበልጥ ጨዋታ በነፃ ያገኛል ማለት ነው። ጀማሪዎች ግን እባካችሁ ከመጀመሪያው ደረጃ ጀምሩ፤ የላይኞቹ ካርታዎች ዓመታት ለተለማመደ እጅ የተሠሩ ናቸው።

ጉድለቱን አልደብቅም። ሞድ የሚሠራው በዊንዶውስ፣ በማክ እና በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ለስዊች፣ ለፕሌይስቴሽን ወይም ለኤክስቦክስ የገዛ ሰው ዋናውን ጌም ይጫወታል፣ አለቀ። ኮምፒውተሩ ግን ጠንካራ መሆን የለበትም፤ ጌሙ 1.2 ጊጋባይት ገደማ ቦታና 2 ጊጋባይት ራም ይበቃዋል። ዋጋው በሙሉው 20 ዶላር ያህል ነው፤ ቅናሽ ስለሚበዛለት ያልቸኮለ ሰው በርካሽ ያገኘዋል። ከጌሙ ቋንቋዎች መካከልም አማርኛ የለም። በሠራችሁት ካርታ ላይ በፊደላችን መጻፍ ካማራችሁ ቀላሉ መንገድ ጽሑፉን እንደ ሥዕል አዘጋጅቶ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው፤ ሎን ይህን ይፈቅዳል።

ኮምፒውተር የለኝም ለሚል ሰው መልሱ ጂኦሜትሪ ዳሽ ነው። ስዊድናዊው ሮበርት ቶፓላ በ2013 ያወጣው ይህ ጌም መሥሪያውን በውስጡ ይዞ ይመጣል፤ ስልክ ላይም ይሠራል። ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ ሌቭል መሥራት ይቻላል። ስልክ ላይ ዋጋው 2 ዶላር አካባቢ፣ ኮምፒውተር ላይ ከ5 ዶላር አያልፍም። ሲገዙ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ላይት የሚባለው ነፃ ቅጂ መሥሪያ የለውም። ብዙ ልጆች ላይትን አውርደው መሥሪያውን ሲፈልጉ ይውላሉ።

ለዓመታት ጌሙ ውስጥ ገጸ ባሕሪው በራሱ ወደፊት ይሮጥ ነበር፤ የተጫዋቹ ድርሻ በሙዚቃው ምት መንካት ብቻ። በዲሴምበር 2023 የወጣው 2.2 የተባለው ማሻሻያ ግን ወደ ግራና ቀኝ በነፃነት የሚኬድበትን አሠራር ጨመረ። ከዚያ በፊት ሞክራችሁ የተዋችሁት ካላችሁ ዛሬ ሌላ ጌም ሆኖ ታገኙታላችሁ። ደንቡንም እወደዋለሁ፤ የሠራችሁትን ሌቭል ራሳችሁ ሳትጨርሱት ለሕዝብ ማውጣት አትችሉም። እናንተ ያላለፋችሁበትን በር ለሌላ ሰው አታቆሙም።

የሚከብደው ብዛቱ ነው። እዚህ የሚወጣው ሌቭል ለቁጥር ያስቸግራል፤ ኮከብ ተሰጥቶት ብዙ ሰው የሚያየው ጥቂቱ ነው። የሴሌስት ሰዎች አንድን ካርታ ተቀባብለው ይሞክራሉ፣ ያርማሉ። እዚህ ግን ሥራችሁ ወንዝ ውስጥ እንደተጣለ ጠጠር ሊሆን ይችላል። ጓደኞቻችሁ አብረዋችሁ የሚጫወቱ ከሆነ ይህ አያስቸግርም፤ ብቻውን ለሚሠራ ሰው ግን ተስፋ ያስቆርጣል።

ሦስተኛው የአየርላንዱ ቴሪ ካቫና በ2010 ያወጣው ቪቪቪቪቪቪ ነው። ዝላይ የለውም፤ ቁልፉን ስትጫኑ ወለልና ጣሪያ ይገለባበጣሉ። መሥሪያው በ2011 ተጨመረ። ካርታችሁ እስከ 20 በ20 ክፍል ሊሰፋ ይችላል፤ ገጸ ባሕሪያቱን የምታናግሩበት ትእዛዝም ተራ ጽሑፍ ነው። የሌቭሉ ፋይል በጣም ትንሽ ስለሆነ በቴሌግራም ለመላክ ዳታ አያስጨንቅም። ማኅበረሰቡ ከሁለቱ ያነሰ ነው፤ መልኩም ለዘንድሮ ልጅ ያረጀ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ለመማሪያ ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

እንግዲህ ስልክ ብቻ ያለው ጂኦሜትሪ ዳሽን፣ ሙሉውን ቅጂ፣ ይግዛ። ኮምፒውተር ያለውና ሥራውን በትዕግሥት የሚያዩለት ሰዎች የሚፈልግ ለሴሌስት ቅናሽ ይጠብቅ። መሥራት ይወድ እንደሆነ ገና ያልለየለት ደግሞ ገንዘቡን አይንካ፤ ካቫና ዋናው ታሪክ የሌለበትን፣ ሌቭል መሥሪያውንና የተጫዋቾችን ሌቭሎች ብቻ የያዘውን የቪቪቪቪቪቪ ቅጂ በነፃ ሰጥቷል። ዛሬ ማታ አውርዶ አንድ ክፍል ይሥራ፣ ለአንድ ጓደኛው ይላክ፣ ጓደኛው የት እንደወደቀ ይጠይቀው።