ለመርካቶዋ ማዘር፣ ስለ ፊት ፍሬኑ

አሮጌ ቶዮታ የምትነዱ ሰዎች፣ ይቺ ለእናንተ ናት። መርካቶ ውስጥ፣ ያገለገለ የመኪና ዕቃ ከሚሸጥበት ከሶማሌ ተራ ብዙም ሳይርቅ አንዲት ጠባብ የመለዋወጫ ሱቅ አለች። ባለቤቷ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። የአካባቢው መካኒክ ሁሉ "ማዘር" ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ። ስማቸውን አልጽፍም። "ስሜን ኢንተርኔት ላይ እንዳታወጣው" ብለውኛል። ማመስገን ግን አልከለከሉኝም።

መኪናዬ የ90 ሞዴል ኮሮላ ናት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው። ፍሬን ስይዝ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ መኪናዋ ወደ ቀኝ ትጎትታለች፣ በዚያ ላይ ታፏጫለች። ቤተሰቦቼ ደብረ ማርቆስ ናቸው። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የወረደ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወስዳችኋል፤ ታች ስትደርሱ የፍሬኑ ሽታ መኪናው ውስጥ ገብቶ ይቀበላችኋል።

አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፣ ስሙ ይቅር። የፊት ፍሬኗን ፈቱና ፍርዱን ሰጡኝ፦ ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚያጣብቀው) በሁለቱም በኩል አዲስ ይገዛ፣ ዲስኩ (ከጎማው ጋር የሚዞረው ብረት) ቶርኖ ገብቶ ፊቱ ይስተካከል፣ ሸራው (ዲስኩን ይዞ የሚያቆመው) የተገኘው ይሁን። ዋጋውን ስሰማ ዝም ብዬ ወጣሁ። አንድ የታክሲ ሹፌር ጓደኛዬ ነው "የፈቱትን ሁሉ ይዘህ ማዘር ጋ ሂድ" ያለኝ። ሸራዎቹን በፌስታል፣ ዲስኮቹን በማዳበሪያ ከረጢት አድርጌ ሄድኩ።

ሌላ ሱቅ ስገባ የሚጠየቀው "ስንት ሞዴል ነው?" ነው፤ ከዚያ ካርቶን ይወርዳል። ማዘር መጀመሪያ የጠየቁኝ አሮጌውን ዕቃ ነው። ቀጥሎ ሊብሬውን። ከዚያ ሞተሩ ስንት እንደሆነ። በአንድ ዘመን የወጡ ኮሮላዎች ቦዲያቸው አንድ ይምሰል እንጂ፣ የዲስኩ ስፋትና የካሊፐሩ ዓይነት እንደ ሞተሩና መጀመሪያ እንደተላኩበት አገር ይለያያል። እነዚህ መኪኖች ደግሞ ስንቱ እጅ ነክቷቸዋል! ሊብሬው ሌላ፣ ጎማው ሥር ያለው ሌላ ሆኖ ይገኛል። ለዚህ ነው ዕቃውን በዓይናቸው ሳያዩ የማይሸጡት።

አራቱን ሸራዎች ባንኮኒው ላይ ደረደሯቸው። ከግራ ጎማ የወጡት ሁለቱ አይመሳሰሉም። የውስጠኛው ብረቱ ሊነካ ምንም አልቀረውም፣ የውጭኛው ገና ብዙ ይሄዳል። ማዘር አንዴ አዩና "ካሊፐሩ አልሞተም፤ ፒኑ ነው የደረቀው" አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኔ ዓይነቱ ካሊፐር ፒስተን ያለው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው። ፒስተኑ የውስጠኛውን ሸራ ዲስኩ ላይ ይገፋል። ከዚያ ካሊፐሩ ራሱ በሁለት ፒኖች ላይ ተንሸራትቶ የውጭኛውን ይስባል። የፒኖቹ ቅባት ደርቆ ሲነክሱ ካሊፐሩ መንሸራተት ያቅተዋል፤ የውስጠኛው ሸራ ብቻውን ይሠራል፣ ብቻውንም ያልቃል። በግራ በኩል ፍሬኑ ሲደክም መኪናዋ ወደ ቀኝ መሄዷ አይገርምም። ፉጨቱም ከዚያው ነው። አንዳንድ ሸራ ላይ ትንሽ የብረት ምላስ አለች፤ ሸራው ሊያልቅ ሲል ዲስኩን እየነካች ትጮሃለች።

"ፒስተኑ ካልዛገ፣ ዘይት ካላፈሰሰ፣ ገንዘብህን ለምን ትበትናለህ ልጄ?" አሉኝ። ካሊፐሩ መደርደሪያቸው ላይ አለ፤ እያየሁት ነው። መሸጥ ይችሉ ነበር። የሸጡልኝ ግን የፒኖቹን ጎሚኒ (የጎማ ሽፋን) እና አንዲት ትንሽ የፍሬን ግራሶ ነው። ተራውን ግራሶ እንዳልቀባ አስጠነቀቁኝ፤ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል፣ የፍሬኑንም ሙቀት አይችልም።

ዲስኩ ላይ ሲደርሱ ግን እጃቸው አልራራም። ጠርዙን በሽቦ ብሩሽ ሲፍቁት ከዝገቱ ሥር ቁጥር ወጣ፦ 17 ሚሊሜትር። ዲስኩ አዲስ ሲሆን ውፍረቱ 18 ነው፤ ከ17 ከወረደ ይጣላል። ቬርኒየር (የውፍረት መለኪያ) አውጥተው ብዙ ቦታ ላይ ለኩት። ሳሳ ያለው ቦታ 17.2 አካባቢ ነው። በዚያ ላይ ተቦርቡሯል። ቶርኖው ሁለቱን ፊት ልሶ እስኪያስተካክለው ድረስ ከ17 በታች መውረዱ አይቀርም። የሳሳ ዲስክ ሙቀት መያዝ አይችልም፤ ቶሎ ይግላል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። አባይ በረሃ ላይ ደግሞ ይህን መሞከር አልፈልግም። ስለዚህ ሁለት አዲስ ዲስክ፣ በጥንድ። አንዱን ብቻ መቀየር የሚባል ነገር እሳቸው ጋ የለም።

ጋራዡ ግዛ ያለኝን አትግዛ አሉኝ፣ አትግዛ ያለኝን ግዛ አሉኝ። ልዩነቱ እሳቸው መለካታቸው ነው።

ሸራው ላይ ረጅም ጊዜ ቆየን። ሦስት ካርቶን አወረዱ። አንዱ የሚያብረቀርቅ፣ "ሴራሚክ" የሚል ጽሑፍ ያለበት። ዓይኔ እዚያ ላይ ቀረ። ማዘር ሸራውን አውጥተው ጠርዙን አሳዩኝ። ብዙ ሸራ ጠርዙ ላይ ከኮዱ ጋር ሁለት የላቲን ፊደል ይታተምበታል። የመጀመሪያው በተለመደው ሙቀት ምን ያህል እንደሚይዝ፣ ሁለተኛው ከጋለ በኋላ ምን ያህል እንደሚይዝ ይናገራል። "ኢ" የፍትጊያ መጠኑ ከ0.25 እስከ 0.35 ነው፣ "ኤፍ" ከ0.35 እስከ 0.45፣ "ጂ" ከ0.45 እስከ 0.55። የሚያብረቀርቀው ካርቶን ሸራ ምንም ፊደል የለውም። ርካሹ "ኤፍ ኢ" ይላል፤ ሲግል ይደክማል ማለት ነው። መካከለኛው "ኤፍ ኤፍ" ነበር። "ካርቶን መኪና አያቆምም" ብለው እሱን ሰጡኝ። ከሦስቱ ውዱም አልነበረም።

"ጂ" ያለበት አይሻልም ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ለእኔ መኪና አይመክሩም። ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው) የላትም፣ የኋላ ፍሬኗም ዲስክ ሳይሆን ታምቡር ነው። የፊቱ ከልክ በላይ ሲይዝ በዝናብ ጊዜ ጎማው ቶሎ ይቆለፋል፤ ያኔ መሪ ብትጠመዝዙም አትሰማችሁም።

የፍሬን ዘይቱንም ያስቀየሩኝ እሳቸው ናቸው። የማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የዘይቱ ደረጃ፣ ዶት 3፣ ተጽፏል፤ የነበረው ዘይት ግን ጠቁሮ ቡና መስሏል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ከገባው በኋላ የሚጠበቅበት ዝቅተኛው 140 ብቻ ነው። ዘይቱ ሲፈላ መስመሩ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፣ ፔዳሉ መሬት ይገባል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን "ጠፋብኝ" ከሚባልባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

በነገራችን ላይ ሶማሌ ተራን የምወድ ሰው ነኝ። በር፣ መስታወት፣ ፍሬቻ እዚያ ገዝቼ አልተቆጨሁም። ፍሬን ግን ያገለገለ አልገዛም። የሰው መኪና የጨረሰውን ዲስክ እኔ ምን ላደርገው!

ዕቃውን የገጠመልኝ ማዘር የጠቆሙኝ ልጅ ነው፤ እሱም ይመስገን። የፍሬኑን አቧራ በአየር አልነፋም፤ በውኃ አርጥቦ በጨርቅ ጠረገው። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፣ ያ ደግሞ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም። ፒኖቹን አጽድቶ ቀባ፣ ዘይቱን ቀየረ፣ አየሩን አስወጣ። ለመጀመሪያው ሁለት መቶ ኪሎሜትር ድንገት እንዳልረግጥ፣ ሸራውና ዲስኩ ቀስ ብለው እንዲላመዱ ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ ማርቆስ ደርሼ መጥቻለሁ። መሪው አይንቀጠቀጥም፣ ወደ ቀኝ መጎተቱም ቀርቷል። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ መውረዴን ግን አልተውኩም።

ዋጋው ስንት ነው እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አልጽፍም። የዶላር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ከሐምሌ 2016 ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ አንድ ቦታ አልቆመም፤ ዛሬ የጻፍኩት ለሳምንት አይሆንም። ካሊፐሩ ስለቀረልኝ ግን ጠቅላላው ጋራዡ ከጠየቀኝ በብዙ አንሷል።

ለመሄድ ካሰባችሁ ሊብሬና አሮጌውን ዕቃ ያዙ። መኪናውን ይዛችሁ አትግቡ፣ ማቆሚያ የለም። እሑድ ዝግ ናቸው፣ ቅዳሜ ይጨናነቃሉ። ብዙ ከተከራከራችሁ ይቆጣሉ፤ ቁጣቸው ቶሎ ያልፋል። ደረሰኝ ይሰጣሉ፣ ያልተገጠመ ዕቃም ይመልሳሉ። ፔጆና ፊያት ያላችሁ አትድከሙ፣ ቶዮታ ብቻ ነው የሚይዙት። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሳቸውን አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ።