የአማርኛ ዶክመንት ሪቪው ስራ የሚደወልላችሁ ሰዎች፣ ሳትፈርሙ ይቺን አንብቡ

ሰላም ወገኖቼ፣ በተለይ ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ አካባቢ ያላችሁ። "አማርኛ የሚያነብ ጊዜያዊ ዶክመንት ሪቪው አናሊስት እንፈልጋለን፣ ከቤት የሚሰራ፣ በሰዓት 38 ዶላር" የሚል ነገር ከኤጀንሲ ከመጣላችሁ እባካችሁ አትቸኩሉ። እኔ የሆቴል ስራዬን ለቅቄ ነው የገባሁበት፣ አሁን ስራም የለኝ፣ የሰራሁበትም ገና ሙሉው አልተከፈለኝም።

ስራው ራሱ የውሸት አይደለም። አንድ ድርጅት ሲከሰስ ወይ መንግስት ሲመረምረው ኢሜይሉ፣ ደረሰኙ፣ የቴሌግራም ቻቱ ሁሉ ይሰበሰብና እኛ አንድ በአንድ እየከፈትን ከጉዳዩ ጋር ይገናኛል አይገናኝም፣ ከጠበቃ ጋር የተደረገ ሚስጥር ነው አይደለም እያልን እንለያለን። የኛን ደግሞ ኮምፒውተሩ በደንብ አይችለውም፣ ግማሹ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው፣ ቀኑም በኛ አቆጣጠር ነው፣ ደረሰኙ ላይ 2009 ካለ ፈረንጁ እንዳለ 2009 ብሎ ይወስደዋል፣ እኛ ግን 2016 ወይ 2017 መሆኑን እናውቃለን። ለቋንቋ ከፍ ያለ ሬት (የሰዓት ክፍያ) የሚከፍሉት ለዚህ ነው፣ እኔም የተያዝኩት እዚሁ ሬት ላይ ነው።

ሪክሩተሯ በስልክ "ሶስት ወር ይቆያል፣ በሳምንት እስከ 60 ሰዓት አለ" አለችኝ። የተላከልኝ ወረቀት ላይ ሶስት ወር የሚል የለም፣ ፕሮጀክቱ በማንኛውም ጊዜ ሊቆም ይችላል ነው የሚለው፣ 38ቱም "ለውጭ ቋንቋ ዶክመንት" ተብሎ ነው የተጻፈው። አንብቤዋለሁ፣ ግን ያቺ ቃል ምን እንደምታመጣ አልገባኝም ነበር።

የመጀመሪያውን ሳምንት 52 ሰዓት ሰራሁ። በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ አማርኛው አለቀ፣ ረቡዕ ጠዋት ስገባ የእንግሊዝኛ ዶክመንት ተደርድሮ ጠበቀኝ፣ ሬቱ 22 ዶላር ሆኗል፣ ማንም አስቀድሞ የነገረን የለም። ሐሙስ ማታ ደግሞ ኢሜይል መጣ፣ ፕሮጀክቱ አልቋል፣ ላፕቶፑን መልሱ የሚል። ሶስት ወር የተባለው አስር ቀን ሰርተን አለቀ።

ክፍያው ሲገባ ስልጠና ብለው ያስቀመጡን 6 ሰዓት የለበትም፣ ከ40 በላይ የሰራሁት 12 ሰዓት በዛው በ38 ነው የተሰላው፣ ታክስም አልተቆረጠም፣ ለካ በ1099 ነው የያዙኝ፣ ማለትም እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን በራሱ ቢዝነስ እንደሚሰራ ሰው። ስጠይቃቸው "ፕሮፌሽናል ስራ ስለሆነ ኦቨርታይም የለውም" አሉኝ።

ይሄን መልስ እሺ ብላችሁ አትቀበሉ። በፌደራል ህግ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለሆነው ተኩል ተጨምሮ ነው የሚከፈለው፣ የኔ በሰዓት 57 ዶላር መሆን ነበረበት፣ በአንድ ሳምንት ብቻ 228 ዶላር ጎድሎብኛል ማለት ነው። ፈቃድ ያለው ጠበቃ ሆኖ የጥብቅና ስራ የሚሰራ ሰው ከኦቨርታይም ሊወጣ ይችላል፣ እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ለጠበቃም ቢሆን ሁልጊዜ አይሰራም፣ በ2015 ኒው ዮርክ ያለው የፌደራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ይሄንኑ ስራ በሰዓት 25 ዶላር ሲሰራ የነበረ ጠበቃ ያቀረበውን ክስ አይቶ፣ ማሽን ሊሰራው የሚችል መለየት ብቻ ከሆነ የጥብቅና ስራ ላይባል ይችላል ብሎ የተዘጋውን ክስ መልሶ ከፍቶታል።

1099 የሚባለው ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬሩን 15.3 ፐርሰንት ሙሉውን እናንተ ትሸከማላችሁ፣ በደብልዩ-2 (እንደ ተቀጣሪ) ቢሆን ግማሹ የአሰሪው ነው። ላፕቶፑን የሰጡኝ እነሱ፣ የምገባበትን ሰዓት የሚወስኑት እነሱ፣ ሱፐርቫይዘር ያለብኝ፣ ታዲያ እንዴት ሆኜ ነው የራሴ ቢዝነስ ያለኝ? ለአይ አር ኤስ (ለፌደራሉ ታክስ መስሪያ ቤት) "ኤስ ኤስ-8" የሚባለውን ፎርም ሞልቶ ሰራተኛ ነኝ ወይስ አይደለሁም ብሎ ማስወሰን ይቻላል።

ከመፈረማችሁ በፊት በኢሜይል ጠይቁ፦ አማርኛው ሲያልቅ ሬቱ ስንት ነው፣ ስልጠናው ይከፈላል ወይ፣ ደብልዩ-2 ነው ወይ። በስልክ እየመለሱ መጻፍ ካልፈለጉ ይቅርባችሁ። የያዛችሁትን ስራ ለዚህ ብላችሁ አትልቀቁ፣ ልጅ ያላችሁ በተለይ። ሰዓታችሁን ደግሞ በየቀኑ በራሳችሁ ደብተር ጻፉ (ሰዓቱን ብቻ፣ ስለ ዶክመንቱ ምንም አትጻፉ፣ ሚስጥር ለመጠበቅ ፈርማችኋል)። እኛ ፕሮጀክቱ ያለቀ ማታ ነው ሎጊኑ የተዘጋብን፣ የሰራሁትን ሰዓት ማየት እንኳን አልቻልኩም፣ የተረፈኝ ማቀዝቀዣው ላይ በለጠፍኩት ካላንደር ላይ የጻፍኩት ነው።

ያልተከፈላችሁ ካላችሁ የሰራተኛ ክፍያ አቤቱታ የሚቀበለው የፌደራሉ ዌጅ ኤንድ አወር ዲቪዥን ስልክ 1-866-487-9243 ነው፣ በነጻ ነው፣ የኢሚግሬሽን ወረቀት አይጠይቁም፣ አስተርጓሚም አላቸው። ጊዜው በአብዛኛው ሁለት ዓመት ስለሆነ አታሳልፉት። እኔ በዚህ ሳምንት አመልክቻለሁ። ያን ሰሞን አማርኛው ላይ አብረን የነበርን ልጆች፣ የናንተም ስልጠና ካልተከፈለ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ የጻፍኩትን ካላንደር ፎቶ አንስቼ እልክላችኋለሁ፣ ሰዓቱ አንድ ስለነበር ለናንተም ይጠቅማችኋል።