ቢሮ እየሠሩ መጻፍ ወይስ ለቆ መውጣት?

ቀን የሒሳብ ሠራተኛ፣ ማታ ደራሲ ነኝ። «ለምን ለቅቀህ አትጽፍም?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው።

ገንዘብ፦ እዚህ አገር ብዙ ደራሲ ለማተሚያ ቤት የሚከፍለው ከኪሱ ነው። ወረቀት ከውጭ ስለሚገባ፣ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የሰማኸው ዋጋ ነገ ላይጠብቅህ ይችላል። ደመወዝ ካለህ ዕቁብ ትጥላለህ። ከለቀቅህ ግን ብድር ነው፤ አከፋፋዩ ድርሻውን ቆርጦ የሚሰጥህ መጽሐፉ ከተሸጠ በኋላ ሲሆን የቤት ኪራይ ደግሞ ሽያጭ አይጠብቅም።

ጊዜ፦ እዚህ ላይ የለቀቀው ያሸንፋል፣ አልክድም። እኔ 11፡30 ወጥቼ፣ ታክሲ ተሰልፌ፣ ቤት ገብቼ አንድ ገጽ ከጻፍኩ ጎበዝ ነኝ። ወመዘክርም (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት) ማተሚያ ቤትም ጉዳይ የሚያልቀው በሥራ ሰዓት ነው። አለቃዬን «ሐኪም ቤት» የሚለው ሰበቤ ሰልችቶታል።

ነፃነት፦ ደመወዝተኛው የወደደውን ይጽፋል። የለቀቀው ትርጉምም የሰው ግለ ታሪክም፣ የመጣለትን ይሠራል።

ልጆች ካሉህ ወይም ገና የመጀመሪያ መጽሐፍህ ከሆነ ቢሮህን ያዝ። ሁለት ሦስት መጽሐፍ አሳትመህ ሸጠህ፣ የአርትዖት ሥራ የሚያመጣልህ ሰው ካለና የዓመት ኪራይ ካስቀመጥክ ግን ልቀቅ። እኔ ኪራዩ ላይ ቀርቻለሁ።